የቸኮሌቱ ራሽን ስንት ግራም ነበር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ዲስቶፒያ (ክፉ ሥርዓት የነገሠበትን የፈጠራ ማኅበረሰብ የሚያሳይ) እና ስለ ማጂካል ሪያሊዝም (ተአምር በተራው ኑሮ መሐል የሚገባበት) ልብ ወለዶች ጥያቄ ያላችሁ እንድትጽፉልን ጋብዘን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን አቅርበናል። በመልሶቻችን የአንዳንድ መጻሕፍት መጨረሻ ስለሚነሳ፣ ገና ያላነበባችሁት ሲያጋጥማችሁ ያንን ክፍል እለፉት።

ጥያቄ፦ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና የጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝን «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» በሥልጣን ጭብጥ አነጻጽሬ ባለ 8 ገጽ ጽሑፍ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ለእኔ የሚታየኝ ልዩነታቸው ብቻ ነው፤ አንዱ ስለ ወደፊቱ፣ ሌላው ስለ ድሮው ያወራል። ከየት ልጀምር? (ከጎንደር)

መልስ፦ ወደፊትና ድሮ የሚለውን ተወው፤ ከአንድ ገጽ በላይ አያስኬድህም። ሁለት መጻሕፍት የሚነጻጸሩት አንድ ዓይነት ነገር በሚሆንባቸው ትዕይንቶች በኩል ነው። በእነዚህ በሁለቱ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ትዕይንት አለ። መንግሥት የሆነውን «አልሆነም» ይላል፣ ሕዝቡም ይቀበላል፣ አንድ ሰው ብቻ ያስታውሳል።

በ«1984» የሳምንቱ የቸኮሌት ራሽን ከ30 ግራም ወደ 20 ግራም ይወርዳል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ስሚዝ የሚሠራው በእውነት ሚኒስቴር ውስጥ ነው፤ ቀደም ሲል «ራሽን አይቀነስም» ተብሎ የታተመውን ቃል አስተካክሎ የሚጽፈው ራሱ ነው። ወዲያው ቴሌስክሪኑ (እየተናገረ ሰውንም የሚያየው የግድግዳ ስክሪን) ራሽኑ ወደ 20 ግራም ከፍ ስላለ ሕዝቡ ሰልፍ ወጥቶ መሪውን፣ ታላቁን ወንድም፣ ማመስገኑን ያበስራል። ቅነሳው ከተነገረ ገና አንድ ቀን ነው። ካፍቴሪያው ውስጥ ያሉት ሁሉ ይውጡታል። ዊንስተን ዙሪያውን እያየ የሚያስታውሰው እሱ ብቻ እንደሆነ ይጠይቃል።

«የመቶ ዓመት ብቸኝነት» በሚተረክባት ከተማ በማኮንዶ ደግሞ የሙዝ ኩባንያው ሠራተኞች ሥራ ያቆማሉ፤ ወታደሩ በባቡር ጣቢያው አደባባይ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ይተኩሳል። ከአድማው መሪዎች አንዱ የሆነው ሆሴ አርካዲዮ ሴጉንዶ የሚነቃው ሬሳ በጫነ፣ ወደ 200 ፉርጎ በሚጠጋ ባቡር ውስጥ ነው። ዘሎ ወርዶ በእግሩ ይመለሳል። ያገኛት የመጀመሪያዋ ሴት «እዚህ የሞተ ሰው የለም» ትለዋለች። መንግሥትም ሠራተኞቹ ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው መግባታቸውን ያውጃል። ከዚያ 4 ዓመት፣ 11 ወር ከ2 ቀን ይዘንባል።

ልዩነቱን መፈለግ ያለብህ እዚህ ላይ ነው። በኦርዌል ዘንድ እውነት የሚጠፋው በቢሮ ሥራ ነው፦ ትእዛዝ ይመጣል፣ ጋዜጣው እንደገና ይታተማል፣ አሮጌው ቅጂ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ እሳት ይወርዳል። በማኮንዶ የሚጠፋው በዝናብና በሰው አፍ ነው። ለጽሑፍህ ዋና ሐሳብ ሊሆንህ የሚችለው ግን ሌላ ነው። ዊንስተን ከመታየት የሚያመልጥበት ቦታ የለውም። ሆሴ አርካዲዮ ሴጉንዶን ደግሞ ሊይዘው የመጣው መኮንን አልጋው ላይ ተቀምጦ እያለ ትክ ብሎ ያየዋል፣ ግን አያየውም። አንዱ ሥልጣን ምስክሩን እያየ ይሰብረዋል፤ ሌላው ምስክሩን ከነጭራሹ ማየት ያቅተዋል። ሁለቱም ውጤታቸው አንድ ነው፤ የሚያስታውሰው ሰው የሚሰማው የለም።

የገጽ ክፍፍሉን በዚህ አድርገው፦ አንድ ገጽ ለዋናው ሐሳብ፣ ሦስት ገጽ ለሁለቱ ትዕይንቶች፣ ሁለት ገጽ ለአጠፋፉ ልዩነት፣ አንድ ገጽ ለታሪካዊው ዳራ፣ የቀረው ለማጠቃለያ። የታሪክ ዳራው ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። በኮሎምቢያ ሲዬናጋ በምትባል ከተማ በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1928 በዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ ሠራተኞች ላይ የተተኮሰው እውነት ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ ያለው 3,000 ሙት ግን የደራሲው ቁጥር ነው። ወታደሩን ያዘዙት ጄኔራል ኮርቴስ ቫርጋስ 47 ብለው ጻፉ፤ የአሜሪካ ኤምባሲ ለዋሽንግተን ከ1,000 በላይ ብሎ ላከ። ስለዚህ «3,000 ሰው ተገድሏል» ብለህ እንደ ታሪክ አትጻፍ፤ ቁጥሩ ራሱ አከራካሪ መሆኑ ለክርክርህ የበለጠ ይጠቅምሃል። ሌላው የተለመደ ስህተት ታሪኩን መተረክ ነው። መምህርህ ሁለቱንም አንብበዋል፤ ከአራት መስመር የበለጠ ማሳጠሪያ አያስፈልጋቸውም።

ጥያቄ፦ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ዲስቶፒያ ይባላል? (ከመቀሌ)

መልስ፦ አይባልም። ዲስቶፒያ በደራሲው ዘመን ያለን ዝንባሌ ወስዶ እስከ ጫፉ የገፋ፣ የፈጠራ ማኅበረሰብ ያቆማል። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲታተም መቼቱ አስመራ፣ ጉዳዩም አንባቢው በሬዲዮ ሲሰማው የነበረው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነበር። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም የሚኖርበትን ሥርዓት ደራሲው አልፈጠረውም። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህ ግን ስለ ዘመኑ የሚነግረን እንጂ የመጽሐፉን ዓይነት የሚለውጥ አይደለም። የፖለቲካ ልብ ወለድ ነው፤ በእውናዊ አጻጻፍ።

ጥያቄ፦ ማጂካል ሪያሊዝም የላቲን አሜሪካ ግኝት ነው ሲባል ይገርመኛል። ገድሉ፣ ተአምሩ፣ ተረቱ ሁሉ ከእኛ ዘንድ አልነበረም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ተአምር መተረክ የማንም ግኝት አይደለም። ስያሜውም ቢሆን ከላቲን አሜሪካ አልተነሳም፤ ጀርመናዊው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ፍራንዝ ሮህ በእ.ኤ.አ. 1925 ስለ ሥዕል የተጠቀመበት ነው። ነገር ግን ገድል፣ ተረትና ይህ አጻጻፍ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ገድል ለአማኙ እውነት ነው፤ ልብ ወለድ ብሎ መጥራቱ ስህተት ይሆናል። ተአምሩ የሚነገረው ጻድቁ ማን እንደሆኑ ሊያስረዳ ነው፤ በመጨረሻም ሰሚው ያደንቃል፣ ያመሰግናል። ተረት ደግሞ «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ብለን በተቀበልንበት ቅጽበት ከዚህ ዓለም ወጥተናል፤ ጅቡ ቢናገር ማንም አይደነግጥም። ማጂካል ሪያሊዝም ውስጥ ያ መግቢያ የለም። ታሪኩ የቤት ኪራይ በሚከፈልበት፣ ግብር ሰብሳቢ በሚመጣበት ዓለም ውስጥ ይቆያል፤ ተአምሩ እዚያው መሐል ይገባል። የሚያደንቅም የለም።

ሥልጣን የሚገባው የት ነው ቢሉ፣ ኩባዊው አሌሆ ካርፔንቲየር በእ.ኤ.አ. 1949 ባሳተመው የሄይቲ ልብ ወለድ ውስጥ ያለውን የማካንዳልን ግድያ ይመልከቱ። ማካንዳል በባርነት ከነበሩት አንዱ ነበር፤ ፈረንሳዮች በእ.ኤ.አ. 1758 በእሳት አቃጥለው ገደሉት። በልብ ወለዱ ውስጥ ባሮቹ ከእሳቱ በርሮ ሲያመልጥ ያያሉ፤ እየሳቁ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ጌቶቹ ሲቃጠል ያያሉ፤ የገዛ ወገናቸው ሲሞት የሚስቁትን ባሮች «ስሜት የሌላቸው» ይሏቸዋል። ተራኪው ሁለቱንም ይነግረናል። ቅጣቱ የተዘጋጀው ለማስፈራራት ነበር፤ የሚፈራ ግን ጠፋ። ገድል ለአንድ ማኅበረሰብ አንድ እውነት ይነግራል። እዚህ ግን በአንድ አደባባይ ላይ የቆሙ ሁለት ወገኖች ሁለት እውነት ያያሉ፣ ማን ምን እንዳየ የሚወስነውም ማን ማንን እንደሚገዛ ነው።

ለጸሐፊ ከገድል የሚወሰደው ተአምሩ ሳይሆን የአነጋገሩ እርጋታ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንድ እግራቸው ተሰብሮ በሌላው ቆመው 7 ዓመት ጸለዩ ሲባል ቁጥሩ ተቆጥሮ፣ ድምፁ ሳይለወጥ ይነገራል። ጋርሲያ ማርኬዝም ይህንኑ እርጋታ ከአያቱ አተራረክ እንደወሰደው ተናግሯል።

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። መቼቱ የቤት በር የተከለከለበት ከተማ ነው፤ ማንም ሰው በሩን መዝጋት አይችልም፣ በሮቹ ሁሉ ተነቅለዋል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ይህን የሚቃወም ወጣት ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሼ ታሪኩ ቆመብኝ። ያነበቡልኝም «ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን ይሰለቻል» አሉኝ። ምን ጎደለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሐሳቡ ጠንካራ ነው፤ ችግሩ ያለው አወቃቀሩ ላይ ነው። ከደብዳቤዎ ጋር ካያያዙት ማሳጠሪያ አምስት ነገር ለይተናል።

የመጀመሪያው ከባዱ ነው። ወጣቱ ከገጽ 1 ጀምሮ ነቅቷል። ሥርዓቱ ክፉ መሆኑን ያውቃል፣ አንባቢም ያውቃል፤ ስለዚህ የሚሄዱበት መንገድ የለም። ዬቭጌኒ ዛምያቲን በእ.ኤ.አ. 1920 እና 1921 የጻፈውን «እኛ» ቢያነቡ ለእርስዎ ታሪክ የቅርብ ዘመድ ነው። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፤ መጋረጃ የሚወርደው ሮዝ ኩፖን ላለው ብቻ ነው። ተራኪው ዲ-503 ግን ይህን ሥርዓት ይወደዋል። መሐንዲስ ነው፣ በሥራው ይኮራል፣ መስታወቱ ያምርበታል። ዊንስተን ስሚዝም ቢሆን ሥርዓቱን እየጠላ የውሸት ጋዜጣ ማረሙን ግን ይወደዋል፤ ችሎታ አለው። የእርስዎን ወጣት በሩን የሚነቅለው አናጢ ያድርጉት። ማጠፊያውን ሳይሰብር የሚያወጣ፣ በሰዓት ስንት በር እንደሚነቅል የሚኮራበት ሰው። ከዚያ ታሪኩ በራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ የሚጠፋበት ነገር አለውና።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ሰዎች ሳያፍሩ የሚናገሩት ምክንያት ያስፈልገዋል። «ሕዝቡን ለመቆጣጠር» ምክንያት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ አዋጅ ያወጣ የለም። በሩ ተቆልፎ እሳት የበላቸው ልጆች፣ ብቻቸውን ሞተው በሳምንታቸው የተገኙ አዛውንት፤ ሕጉ ከእንዲህ ያለ እውነተኛ ጉዳት ይጀምር። በማርጋሬት አትውድ የእ.ኤ.አ. 1985 ልብ ወለድ፣ በእንግሊዝኛ የሴት አገልጋይዋ ታሪክ በሚባለው፣ መጀመሪያ ጥቃት ይደርሳል፣ ሕገ መንግሥቱ «ለጊዜው» ይታገዳል፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። ከዚያ ተራኪዋ ሲጋራ ልትገዛ ስትል ካርዷ አይሠራም። በዚያው ቀን የሴቶች ሁሉ ሒሳብ ተዘግቷል፣ ሥራቸውም ተወስዷል። የሚያስፈራው ካርዱ መሆኑን ልብ ይበሉ። ጠመንጃው ቆይቶ ነው የሚመጣው።

ሦስተኛ፣ ከረቂቁ ውጪ በተለየ ወረቀት ላይ የሕጉን ዝርዝር ይሥሩ። በሩን ማን ይነቅላል? እንጨቱ የት ይሄዳል? ሽንት ቤት በር አለው? ወላድ ስትኖር፣ ሰው ሲታጠብ፣ ለቅሶ ቤት ሲሆን ምን ይደረጋል? መጋረጃ የሚሰቅል ቅጣቱ ስንት ነው? ማጠፊያ በድብቅ የሚሸጠው ማን ነው፣ ስንት ብር? ከዚህ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ የሚገባው ከአምስት አንዱ ቢሆን ነው። የቀረው ግን በእርስዎ አእምሮ ውስጥ ስላለ ዓረፍተ ነገሮችዎ ይረጋጋሉ። ዛምያቲን አንድ ጉርሻ 50 ጊዜ እንዲታኘክ በሕግ ይወስናል፤ የግል ጊዜውም ከ16 እስከ 17 እና ከ21 እስከ 22 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት ከ10 እስከ 11፣ ማታ ደግሞ ከ3 እስከ 4 መሆኑ ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ስለ መንግሥቱ ከአንድ ምዕራፍ ሐተታ የበለጠ ይናገራሉ።

ከዝርዝሩ ውስጥ ዋናው ጥያቄ፣ በር ያለው ማን ነው? የሚለው ነው። ሥልጣን የሚታየው ከሕጉ ነፃ በሆኑት ዘንድ ነው። በ«1984» ባለሥልጣኑ ኦብራየን ቴሌስክሪኑን በእጁ ሲያጠፋው ዊንስተንና ፍቅረኛው ጁሊያ ይደነግጣሉ፤ እሱ ግን የውስጥ ፓርቲ አባል ስለሆነ ይፈቀድለታል፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል። ይህ የሚሆነው በሁለተኛው ክፍል ስምንተኛ ምዕራፍ ላይ ነው፤ ከመጽሐፉ እኩሌታ በኋላ። እርስዎም የተዘጋውን በር አያስቸኩሉት። አንባቢው በር የሌለው ከተማ ከለመደ በኋላ አንድ ቀን አናጢው የማይነቅለው በር ፊት ይቁም።

አራተኛ፣ ክፍተት የለውም። ሁሉን የሚያይ ሥርዓት ውስጥ ታሪክ አይኖርም። የዊንስተን ማስታወሻ ደብተር የሚጻፈው ቴሌስክሪኑ ያልተለመደ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለና ለመጻሕፍት መደርደሪያ የተሠራ የሚመስል ጥግ ስለተረፈ ብቻ ነው። የአንድ ግንበኛ ግድየለሽነት ሙሉውን ልብ ወለድ ወለደው። በእርስዎ ከተማ እንዲህ ያለው ጥግ የት ነው?

አምስተኛው ሐተታው ነው። ሦስቱንም ምዕራፍ አትመው ሥርዓቱን የሚያብራራውን አንቀጽ ሁሉ በእርሳስ ያስምሩ። ከአራት አንቀጽ ከአንድ በላይ ከተሰመረ ያ ነው አሰልቺነቱ። «ከብዙ ዓመታት በፊት መንግሥት...» ብሎ የሚጀምረውን መግቢያ ሙሉ በሙሉ ያውጡት፤ አያስፈልግም። ኦርዌልም በመጽሐፉ መሐል ረጅም የፖለቲካ ሐተታ አስገብቷል፤ የአሜሪካ የመጽሐፍ ክለብ ይህንንና የመጨረሻውን አባሪ እንዲቆርጥ ቢጠይቀው እምቢ ብሏል። ትክክል ነበረ፤ ዛሬም ግን ብዙ አንባቢ ያንን ክፍል ይዘለዋል። ለመጀመሪያ ልብ ወለድ የሚመከር ድፍረት አይደለም።

እንደገና ከመጀመርዎ በፊት ለልምምድ የአናጢውን አንድ ቀን ከንጋት እስከ ማታ በ1,000 ቃላት ይጻፉ። «መንግሥት»፣ «ሕግ»፣ «ነፃነት» የሚሉት ቃላት አይግቡበት። አንባቢው ሥርዓቱን ከዚያ ከተረዳው ምዕራፍ አንድ በእጅዎ ነው።

ጥያቄ፦ «1984» መጨረሻው ተስፋ የለውም ወይስ አለው? ከባለቤቴ ጋር ተከራክረን አልተግባባንም። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ካነበባችሁ የለውም፤ ዊንስተን ታላቁን ወንድም ይወዳል። ከዚያ በኋላ ግን ሥርዓቱ ስለፈጠረው አዲስ ቋንቋ የሚያብራራ አባሪ አለ። አባሪው በኃላፊ ጊዜ፣ በተለመደው ቋንቋ ተጽፏል፤ ሥርዓቱ ካለፈ በኋላ የኖረ ምሁር የጻፈው ይመስላል። አንዳንድ ሐያስያን ተስፋው እዚህ አለ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የልብ ወለዱ ትረካ ራሱ በኃላፊ ጊዜ ስለሆነ አባሪው የተለየ ነገር አያረጋግጥም ባዮች ናቸው። እኛ ወደ መጀመሪያዎቹ እናደላለን፤ ኦርዌል አባሪውን አልቆርጥም ያለው ለጌጥ አይመስለንምና። ከማን ጋር እንደተስማማን ለባለቤትዎ መንገር የእርስዎ ፈንታ ነው።

ጥያቄ፦ በአጭር ልብ ወለዴ ውስጥ የአንድ ሹም ጥላ ከባለቤቱ ተለይቶ ማታ ማታ በሰፈሩ ይዞራል። አንባቢዎቼ «አላሳመነንም» ይላሉ። ታዲያ ምትሃት እንዴት ያሳምናል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በልክና በመዘዝ። ጋርሲያ ማርኬዝ፣ ዝሆኖች ሲበሩ ታዩ ብትል ማንም አያምንህም፣ 425 ዝሆኖች ብትል ግን ያምኑሃል ይል ነበር። ውቢቱ ረሜዲዮስ ወደ ሰማይ የምታርግበትን ትዕይንት ሲጽፍም አልሆን ብሎት፣ አንዲት ሴት አንሶላ ስታሰጣ ነፋሱ ሲታገላት አይቶ ልጅቷን ከአንሶላዎቹ ጋር አነሳት። ስለዚህ ጥላው በስንት ሰዓት ይወጣል? ኩሬ ላይ ሲያልፍ ይረጥባል? ውሻ ይጮህበታል? በመብራት መጥፋት ቀን ምን ይሆናል?

መዘዙ ደግሞ ማኅበረሰቡ የሚያደርገው ነገር ነው። ክንፍ ስላላቸው ሽማግሌ በጻፈው አጭር ልብ ወለድ ውስጥ ሽማግሌው ከዶሮዎች ጋር ይታጎራሉ፣ ክንፋቸው ተባይ አለው። የቤቱ እመቤት ግቢውን አጥራ ለማየት የሚመጣውን 5 ሳንቲም ታስከፍላለች። ቄሱ በላቲን ሰላም ሲሏቸው ሽማግሌው ስላልመለሱ ይጠረጥሯቸዋል። ከሮም የሚመጣው ደብዳቤም እምብርት አላቸው ወይ፣ ቋንቋቸው ከአራማይክ ጋር ይገናኛል ወይ እያለ ይጠይቃል። ክንፉ የሚያሳምነን የሰዎቹ ስግብግብነትና የቢሮው መንዛዛት የምናውቀው ስለሆነ ነው።

በእርስዎ ታሪክ ሰፈርተኛው በጥላው ይደነቃል፣ ይሰበሰባል፣ ይወያያል። ይህን ያስወግዱት። ይልቅ ጥላው ጉቦ ይቀበል ወይ? አቤቱታ ሹሙ ቢሮ ቀን ከሚቀርብ ይልቅ ማታ ለጥላው ማቅረብ ይቀላል ወይ? ሁለት ወጥመድ ደግሞ አለ። ጥላው «ሥልጣንን ይወክላል» ብለው በአንድ ገጸ ባሕርይ አፍ ከተናገሩ ምሳሌያዊ ታሪክ ይሆናል፤ ምትሃቱ ያልቃል። መጨረሻ ላይ «ሕልም ነበር» ካሉም አንባቢው ይቀየማል፣ እውነቱንም ነው።

ጥያቄ፦ በዚህ ጉዳይ ከአፍሪካ ምን ላንብብ? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በጊኩዩ ጽፎ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውንና በእ.ኤ.አ. 2006 የታተመውን ትልቁን ልብ ወለድ። አንዱ ሚኒስትር ሁሉን እንዲያይ ዓይኑን፣ ሌላው ሁሉን እንዲሰማ ጆሮውን በቀዶ ጥገና ያስተልቃል፤ ገዢው ራሱ እንደ ፊኛ ይነፋል። ወፍራም መጽሐፍ ነው፣ ግን ያስቃል። ብዙም ያልተነበበው ደግሞ የኮንጎው ሶኒ ላቡ ታንሲ በእ.ኤ.አ. 1979 በፈረንሳይኛ ያሳተመው ነው፤ ተቃዋሚው ማርሲያል ሥጋው ተቆራርጦም አልሞትም ይላል። ሆድዎ ባዶ ሳለ ይጀምሩት፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ከባድ ናቸው።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ የምንኖር 9 ሰዎች የመጽሐፍ ክበብ አለን። በወር አንዴ ለ2 ሰዓት እንገናኛለን። ባለፈው ዓመት «የመቶ ዓመት ብቸኝነት»ን ጀምረን ስሞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነውብን መሐል ላይ ተውነው። እንደገና እንሞክር ወይስ ሌላ ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሞክሩ፣ ግን መጀመሪያ አንድ ወር ለሁዋን ሩልፎ «ፔድሮ ፓራሞ» ስጡ። በእ.ኤ.አ. 1955 የታተመ ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ ከ130 ገጽ ብዙም አይዘልም። ምዕራፍ የለውም፤ በቁርጥራጭ ተጽፏል፤ ከሚናገሩት ብዙዎቹ የሞቱ ናቸው። በመጀመሪያ ንባብ ማን እንደሚናገር ለማወቅ አትታገሉ። በሁለተኛው ንባብ በየቁርጥራጩ ጠርዝ ላይ «ሕያው» ወይም «ሙት» ብላችሁ ጻፉ፤ ስትገናኙ ምልክታችሁን አስተያዩ፤ ውይይቱ ከዚያ ይነሳል። ለሥልጣን ጭብጥ አንድ ትዕይንት አትለፉ። ባለርስቱ የሚወዳት ሱሳና ስትሞት ደወል ለቀናት ይደወላል፤ ከየአካባቢው የመጣው ሕዝብ ለቅሶውን ወደ ድግስ ይለውጠዋል። ባለርስቱ እጁን ያጣጥፋል፤ ከተማዋ ኮማላ በረሃብ ታልቃለች። የአንድ ሰው ሐዘን ለሌሎቹ ሁሉ ፍርድ የሚሆነው ሁሉ ነገር የእሱ ስለሆነ ነው።

ከዚያ ወደ ማኮንዶ ተመለሱ። መጽሐፉ ቁጥር የሌላቸው 20 ምዕራፎች አሉት፤ በሦስት ስብሰባ 7፣ 7 እና 6 አድርጋችሁ ክፈሉት። የስሞቹ መደጋገም የደራሲው ዓላማ ነው፦ በዲስቶፒያ ስምን የሚወስደው መንግሥት ነው፣ በዛምያቲን ቁጥር ይሆናል፣ በአትውድ የወንዱ ንብረት መሆኗን የሚናገር መጠሪያ ይሰጣታል። እዚህ ግን ግለሰቡን የሚውጠው ቤተሰቡ ነው። የቤተሰቡ እናት ኡርሱላ ራሷ የደረሰችበት መለያ አለ፤ አውሬሊያኖዎቹ ዝምተኞችና አስተዋዮች፣ ሆሴ አርካዲዮዎቹ ግዙፎችና ችኩሎች ናቸው። ከዚህ የሚወጡት መንትዮቹ ብቻ ናቸው፤ በልጅነታቸው ስም ሲለዋወጡ ሳይሳሳቱ አልቀሩም፤ ሲሞቱም ሰካራሞቹ ቀባሪዎች ሬሳቸውን አለዋውጠው በተሳሳተ ጉድጓድ ይቀብሯቸዋል።

የዘር ሐረጉን በትልቅ ወረቀት ሥላችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። አንዳንድ እትሞች ፊት ላይ ያትሙታል፤ እሱን ሸፍናችሁ የራሳችሁን ሥሩ፣ የታተመው ማን እንደሚያገባ አስቀድሞ ይናገራልና። 17ቱን የኮሎኔል አውሬሊያኖ ልጆች አንድ በአንድ ለመያዝ አትድከሙ፤ ግንባራቸው ላይ የማይለቅ የአመድ መስቀል እንዳለባቸው ካስታወሳችሁ ይበቃል፤ ገዳዮቹም የሚለዩዋቸው በዚያው ነው። ለ9 ሰው 2 ሰዓት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ስብሰባዎች ይበቃል። ሦስተኛው ላይ የጣቢያው ግድያና ዝናቡ ስለሚመጡ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ፤ ቡናውንም ቀድማችሁ አፍሉ።